ቅንፉን ማን ነካው? ኮምፓይለር በቁጥሮቻችን ላይ ስላለው ሥልጣን

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጃንዋሪ 2011 መጀመሪያ ላይ፣ በፒኤችፒ ቋንቋ የተሠሩ ድረ ገጾችን በአንድ ቁጥር ብቻ ቀጥ ማድረግ እንደሚቻል ታወቀ። ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ 307 ዜሮዎች ተሰልፈው ከዚያ 22250738585072011 የሚከተልበት እጅግ ኢምንት ነገር ነው። አንድ ሰው ይህን ቁጥር በፎርም ላይ ሞልቶ ይልካል፤ ፕሮግራሙ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ሊለውጥ ይሞክራል፤ ከዚያ በኋላ መውጫ በሌለው ሉፕ ውስጥ ይሽከረከራል። የተሰረቀ የይለፍ ቃል የለም፤ የተጫነ ቫይረስ የለም። የቋንቋው አዘጋጆች በጃንዋሪ 6 ማስተካከያ አወጡ። ቀመሩን አልነኩትም። የጨመሩት «ቮላታይል» የሚል ቃል ነው፤ ትርጉሙም ለኮምፓይለሩ «ይህን ቁጥር በሬጅስተር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ የውስጥ ማስቀመጫ፣ ይዘህ አትቆይ፣ በየጊዜው ሜሞሪ ላይ አስቀምጠው» የሚል ትእዛዝ ነው። በ64 ቢት ሰርቨሮች ላይ ደግሞ ያው ኮድ ከያው ቁጥር ጋር ምንም ሳይሆን ይሠራ ነበር።

እንግዲህ ቀመሩ ልክ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩም ካልተበላሸ፣ ጥፋቱ የማን ነው? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ኮምፓይለር እኛ የጻፍነውን ፕሮሰሰሩ ወደሚገባው ትእዛዝ ይለውጣል። ሲለውጥ ግን ዝም ብሎ አይገለብጥም፤ ያሻሽላል። ሁለት ጊዜ የተሰላውን አንድ ጊዜ ያደርገዋል፣ ቅደም ተከተል ያዘዋውራል፣ አራት ወይም ስምንት ቁጥሮችን በአንድ ትእዛዝ ይደምራል። ሥራው በሙሉ ቁጥሮች ላይ ሲሆን ይህ ሁሉ መልሱን አይለውጥም። በነጥብ ቁጥሮች ላይ፣ ማለትም ፍሎቲንግ ፖይንት በምንላቸው ላይ ሲሆን ግን ሌላ ጨዋታ ነው።

ምክንያቱን በ10 ሳንቲም እንየው። 10 ሳንቲም የብር አንድ አሥረኛ፣ 0.1 ብር ነው። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በሁለት ቤት ስለሆነ፣ እኛ አንድ ሦስተኛን በአሥርዮሽ ጽፈን መጨረስ እንደማንችለው እሱም 0.1ን ጽፎ አይጨርስም። ደብል የሚባለው ቁጥር 64 ቢት አለው፤ አንዱ ለምልክት፣ 11ዱ ለአርቢ፣ 52ቱ ለአሃዞቹ። ከዚያ የተረፈው ይቆረጣል፣ ይጠጋጋል። ይህ ማጠጋጋት በዘፈቀደ አይደለም። በ1985 የወጣውና አይትሪፕልኢ 754 የሚባለው ደንብ፣ እያንዳንዱ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል በመጀመሪያ ፍጹም ትክክል ሆኖ እንደተሠራ ተቆጥሮ ከዚያ በኋላ ብቻ ይጠጋጋ ይላል። ከደንቡ ዋና ቀማሪዎች አንዱ የበርክሌዩ ፕሮፌሰር ዊልያም ካሃን ሲሆኑ በ1989 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ የነጥብ ቁጥር ሒሳብ «ግምት ነው» የሚሉትን አትስሙ። እያንዳንዱ እርምጃ የታወቀ፣ የተወሰነ፣ ሊተነበይ የሚችል መልስ አለው።

የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው። በትምህርት ቤት ቅንፉን የትም ብናደርገው ድምር አይለወጥም ብለን ተምረናል። እስቲ በደብል 0.1ን ከ0.2 ጋር ደምሩና 0.3 ጨምሩበት፤ 0.6000000000000001 ታገኛላችሁ። አስቀድማችሁ 0.2ን ከ0.3 ጋር ደምራችሁ 0.1 ብትጨምሩ ግን 0.6 ነው። 3ን ለ10 አካፍሉ፣ 0.3 ይላችኋል። 3ን በ0.1 አባዙ፣ 0.30000000000000004 ይላችኋል። ይባስ ብላችሁ አንድ ላይ አሥራ ስድስት ዜሮ የተከተለበትን ቁጥር ወስዳችሁ 1 ደምሩበትና ያንኑ ትልቅ ቁጥር መልሳችሁ ቀንሱ። መልሱ ዜሮ ነው። አንዷ የትም አልሄደችም፤ በዚያ ከፍታ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት 2 ስለሆነ የምትቀመጥበት ቦታ አጣች እንጂ።

እንግዲህ ኮምፓይለሩ በትምህርት ቤት ሕግ ተመርቶ ቅንፍ ቢያዛውር ወይም ማካፈልን በማባዛት ቢተካ መልሳችንን ለወጠው ማለት ነው። ሥልጣኑ አለው ወይ? ቋንቋዎቹ በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም። የፎርትራን ደንብ በሒሳብ እኩል የሆነን አገላለጽ መተካት ይፈቅድና «ቅንፍን ግን አትንካ» ይላል። የጥንቱ ሲ ኮምፓይለሩ ድምርን በቅንፍ ላይ ተሻግሮ እንኳ እንዲያዘዋውር ይፈቅድለት ነበር፤ ያንን ያስቆመው በ1989 የወጣው የሲ ደንብ ነው። ዛሬ ጂሲሲና ክላንግ የተባሉት የሲ ኮምፓይለሮች ፈቃድ ካልሰጣችኋቸው የድምራችሁን ቅደም ተከተል አይነኩም፤ ከፍተኛውን የተለመደ የማሻሻያ ደረጃ፣ ኦ3ን ብታዙም አይነኩም። የኢንቴል ኮምፓይለሮች ግን ፈቃዱን ሳይጠይቁ ወስደው ይጀምራሉ፤ ተዉ ማለት የእናንተ ድርሻ ነው። በየቢሮው «ኦ3 ቁጥሬን አበላሸው» የሚለውን ክስ ስትሰሙ መጀመሪያ የየትኛው ኮምፓይለር ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ፒኤችፒው ጉዳይ ልመለስ፤ እሱ ደግሞ ፈቃድ እንኳ ያልተጠየቀበት ነው። ኢንቴል በ1980 8087 የተባለውን የሒሳብ ቺፕ አወጣ። ቺፑ በውስጡ ቁጥር የሚይዘው በ80 ቢት ነው፤ የፕሮግራመሩ ደብል ግን 64 ቢት ነው። ሐሳቡ ቀና ነበር፦ መካከለኛው ሒሳብ በሰፊው ይሠራ፣ ማጠጋጋቱ መጨረሻ ላይ ይሁን። ሬጅስተሮቹ ግን ስምንት ብቻ ናቸው። ሲሞሉ ኮምፓይለሩ አንዱን ቁጥር ወደ ሜሞሪ ያወርዳል፤ ሲወርድም ከ80 ወደ 64 ይቆረጣል። የትኛው ቁጥር መቼ እንደሚወርድ በጻፋችሁት ኮድ ላይ አታነቡትም። ማሻሻያ ስታበሩ ቁጥሮቹ ሬጅስተር ውስጥ ይቆያሉ፣ ስታጠፉ በየመስመሩ ይወርዳሉ። ስለዚህ አንድን ቁጥር ለሌላ አካፍላችሁ ካስቀመጣችሁት በኋላ ያንኑ ማካፈል ደግማችሁ ብታወዳድሩ «እኩል አይደሉም» ሊላችሁ ይችላል። ምን ሆነ ብላችሁ የማተሚያ መስመር ስትጨምሩ፣ ለማተም ሲባል ቁጥሩ ወደ ሜሞሪ ይወርድና ስህተቱ ይጠፋል! የፒኤችፒው ሉፕም በሬጅስተር ያለው ዋጋና በሜሞሪ ያለው ዋጋ ስላልተስማሙ ነው መውጫ ያጣው። በጂሲሲ የስህተት መዝገብ ላይ ይህ ጉዳይ በ2000 ቁጥር 323 ሆኖ ተመዘገበ፤ ለዓመታትም «የኮምፓይለር ጥፋት ነው»፣ «የለም፣ የቺፑ ጠባይ ነው» ሲባልበት ኖረ። እኔ ለከሳሾቹ አደላለሁ። ቺፑ ሰፊ መሆኑ ጥፋት አይደለም፤ መቼ እንደሚቆረጥ ለጸሐፊው አለመንገር ግን ጥፋት ነው። ክርክሩ የበረደው በዳኝነት ሳይሆን በአዲስ ሐርድዌር ነው፤ ከ2003 ጀምሮ የተስፋፉት 64 ቢት ፕሮሰሰሮች ደብልን በደብልነቱ የሚሠሩበት ሌላ መንገድ ይዘው መጡ።

አሁን ፈቃድ ተጠይቆ ስለሚሰጥበት እንነጋገር። «ፋስት ማዝ» የሚባለውን ምልክት ስታበሩ ብዙዎች እንደሚያስቡት «ፍጠንልኝ» ብቻ አላላችሁም። የውል ወረቀት ላይ ፈርማችኋል። ቅንፍን ማዛወር ይቻላል፣ ማካፈልን በማባዛት መተካት ይቻላል፣ ነጌቲቭ ዜሮና ዜሮ አንድ ናቸው፣ በፕሮግራሜ ውስጥ ወሰን የለሽ ወይም «ቁጥር ያልሆነ» የሚባል ዋጋ ፈጽሞ አይገኝም ብላችሁ ምላችኋል። ኮምፓይለሩ ያመናችኋል። ችግሩም ማመኑ ነው።

የመሐላው የመጨረሻ አንቀጽ የሚያደርሰውን ጉዳት ላሳያችሁ። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ንባብ ሲጎድልበት፣ የጎደለው ቦታ «ናን» በሚባለው ቁጥር ያልሆነ ዋጋ መሞላቱ የተለመደ ነው። ጥንቁቅ ፕሮግራመር ከመደመሩ በፊት «ይህ ናን ነው ወይ?» ብሎ ይፈትሻል። ኮምፓይለሩ ግን ናን የለም ተብሎ ተምሎለታል፤ ስለዚህ የፍተሻው መልስ ሁልጊዜ «አይደለም» ነው ብሎ ፍተሻውን ከነመስመሩ ይሰርዘዋል። ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም፣ ምክንያቱም ከእሱ አንጻር ምንም ስህተት የለም። አንድ የጎደለ ንባብ የወሩን ድምር በሙሉ ናን ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የጠንቃቃው ሰው ዕጣ ነው። ካሃን በ1965 አንድ ብልህ ዘዴ አሳተሙ። ብዙ ቁጥር ስትደምሩ በእያንዳንዱ መደመር የተቆረጠውን ትርፍራፊ ለብቻው ያዙትና በሚቀጥለው ዙር መልሱት ይላል። ትርፍራፊው የሚገኘው እንዲህ ነው፦ ከአዲሱ ድምር አሮጌው ድምር ይቀነሳል፣ ከዚያ የጨመርነው ቁጥር ይቀነሳል። በትምህርት ቤት ሒሳብ ይህ ምንጊዜም ዜሮ ነው። በነጥብ ቁጥር ደግሞ ዜሮ አለመሆኑ ነው የዘዴው ሕይወት።

በቁጥር እንየው። 10 ሳንቲምን 10 ሚሊዮን ጊዜ እንደምር፤ መልሱ 1 ሚሊዮን ብር መሆን አለበት። (ባንክ በዚህ መንገድ ገንዘብ አይቆጥርም፤ ቢቆጥር ደግሞ ሒሳባችሁን ዝጉ።) ደብልን ትተን 32 ቢት የሆነውን ፍሎት ብንጠቀም፣ ተራው ሉፕ ከ1,087,000 ብር በላይ ያወጣል፤ ወደ 88 ሺህ ብር ከየትም መጥቶ ተጨመረ ማለት ነው። ድምሩ ከግማሽ ሚሊዮን ሲያልፍ በተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት 0.0625 ስለሚደርስ፣ እያንዳንዱ 10 ሳንቲም ወደ 12 ሳንቲም ተኩል ይጠጋጋል። በካሃን ዘዴ ስትደምሩ ልክ 1 ሚሊዮን ታገኛላችሁ። አሁን ፋስት ማዝን አብሩ። ኮምፓይለሩ የትርፍራፊውን መስመር ያያል፣ ይህማ ዜሮ ነው ይላል፣ ያወጣዋል። ሦስት ተጨማሪ መስመር ጽፎ የደከመው ሰው ወደ ተራው ድምር ይመለሳል፤ ኮዱን ሲያነብ ግን ጥንቃቄው ሁሉ በቦታው ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ «ፋስት ማዝ ክፉ ነው» ብዬ እወርድ ነበር። ግን ተራውን ሉፕ በዚያው ምልክት ስንሠራው ምን ይሆናል? ኮምፓይለሩ ቁጥሮቹን በአራት ይከፍልና አራት ድምሮችን ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ በመጨረሻ ይደምራቸዋል። እያንዳንዱ ድምር የሚደርሰው ሩብ ሚሊዮን አካባቢ ብቻ ስለሆነ ያ ክፉ ከፍታ ላይ አይወጣም። ውጤቱ ወደ 976 ሺህ ይጠጋል። እሱም ስህተት ነው፤ ግን የስህተቱ መጠን ከቀድሞው ከሲሶ በታች ነው። ያው ምልክት ጠንቃቃውን ጎድቶ ግዴለሹን ጠቀመ። ስለዚህ «ማሻሻያ ትክክለኛነትን ይቀንሳል» የሚለው አባባል እንደ ሕግ አይሠራም። ማሻሻያ መልሱን ያንቀሳቅሰዋል፤ ወዴት እንደሚያንቀሳቅሰው የሚያውቀው ስሌቱን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህን ነጥብ ከማንም ይልቅ የአየር ንብረት ሞዴል ሠሪዎች በውድ ዋጋ ተምረውታል። በኮሎራዶ፣ ቦልደር የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል የሚመራው ሲኢኤስኤም የተባለ ትልቅ ሞዴል አለ። ሞዴሉን ወደ አዲስ ማሽን ስታዛውሩት ቁጥር በቁጥር ተመሳሳይ መልስ መጠበቅ አይቻልም። ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 በ0.506127 ምትክ 0.506 ብለው አስገብተው ፍጹም ሌላ የአየር ሁኔታ ካዩ ጀምሮ ይህ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ ሌላ መላ ፈጠሩ። ሞዴሉን በታመነ ማሽን ላይ፣ መነሻውን የሙቀት መጠን በኢምንት እየነካኩ፣ ከመቶ ጊዜ በላይ ያስኬዱታል፤ ከዚያ የአዲሱ ማሽን ውጤት ከዚህ መንጋ ጋር በስታቲስቲክስ ይመሳሰላል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ የነበረው ሚራ የተባለ የአይቢኤም ሱፐር ኮምፒውተር ፈተናውን ወደቀ።

በ2016 በወጣው ጥናት የተገኘው ምክንያት «ኤፍኤምኤ» ነው። ይህ ማባዛትንና መደመርን አንድ ላይ የሚሠራና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጠጋጋ ትእዛዝ ነው። ኮምፓይለሩ ማባዛትና መደመር ተከታትለው ሲያይ ያዋህዳቸዋል፤ ፈጣን ነው፣ ለየብቻው ሲታይም ይበልጥ ትክክል ነው። ውህደቱን ሲያጠፉት ሚራ ፈተናውን አለፈ። አስተውሉ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ይበልጥ ትክክል ሆኖ ጠቅላላው ውጤት ግን ሳይንቲስቶቹ ከመዘኑት የአየር ንብረት የተለየ ሆነ። ፈተናውን የወደቀው ማሽን አልተሳሳተም። ሞዴሉ በአንዳንድ ቦታዎቹ ለእንዲህ ያለ ኢምንት ለውጥ ከተገመተው በላይ ስስ መሆኑን ነው የነገረን፤ ይህን ማወቅ ደግሞ ከፍጥነቱ የበለጠ ዋጋ አለው።

በትንሹ ልታዩት ብትፈልጉ 0.1ን በ10 አባዝታችሁ 1 ቀንሱ። በተራው መንገድ ብዜቱ ተጠጋግቶ 1 ይሆንና መልሱ ዜሮ ነው። በኤፍኤምኤ ብዜቱ ሳይጠጋጋ ስለሚቀነስ 0.1 ከእውነተኛው አንድ አሥረኛ የሚበልጥባት ጥቂት ነገር በ10 ተባዝታ ትታያለች፤ ከነጥብ በኋላ 16 ዜሮ፣ ከዚያ 555 የሚል ቁጥር። የቱ ነው ልክ? ኮምፒውተሩ የያዘውን ቁጥር ከጠየቃችሁ ሁለተኛው ልክ ነው። ዜሮ ጠብቆ ከስኩዌር ሩት በታች ላስቀመጠው ሰው ግን ይህች ትርፍራፊ አንድ ቀን ነጌቲቭ ሆና መጥታ ፕሮግራሙን ናን ታደርግበታለች። ይህን ውህደት ጂሲሲ ፕሮሰሰሩ ከቻለ ሳይጠየቅ ያደርገዋል፤ ክላንግም ከ2022 ጀምሮ በአንድ አገላለጽ ውስጥ ብቻ ሳይጠየቅ ያዋህዳል። ስለዚህ «ፋስት ማዝ አላበራሁም» ማለት ብቻውን አያድንም።

ትክክለኛነትና ተመሳሳይነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ጊዜ እንረሳለን። የአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል የሰርን ኤልኤችሲ አት ሆም ፕሮጀክት በ2004 ሲጀመር የቅንጣቶችን ጉዞ ስሌት በበጎ ፈቃደኞች የቤት ኮምፒውተሮች ላይ አሰራጨ። ውጤቱ ተዓማኒ የሚሆነው ያንኑ ሥራ የሠሩ ሁለት ማሽኖች አንድ መልስ ሲያመጡ ነው፤ አላመጡም። ለእነሱ የሚያስፈልገው ተመሳሳይነት ነበርና፣ ሎጋሪዝምንና መሰል ፈንክሽኖችን በየትኛውም ማሽን ላይ በአንድ መልክ የሚያጠጋጋ፣ ፈረንሳይ ሊዮን ውስጥ የተሠራ ላይብረሪ ተጠቀሙ። የጃቫ ቋንቋም መጀመሪያ «የትም አሂዱት፣ መልሱ አንድ ነው» አለ፤ የ80 ቢቱ ቺፕ ሲያስቸግረው በ1998 ቃሉን አላላ፤ በ2021 በጃቫ 17 ወደ ጥብቁ ደንብ ተመለሰ። የሚገርመው በ1998 ጃቫን አጥብቀው ከተቹት አንዱ ራሳቸው ካሃን ነበሩ። ለሁሉም እኩል የሚደርስ ስህተት ከስፋት የሚገኘውን ትክክለኛነት ሊያስጥል አይገባም ባይ ናቸው። በዚህ እኔ ከካሃን ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ትክክለኛነትን እንደ እሳቸው መመርመር የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ ትናንት የወጣው ቁጥር ዛሬ ለምን ተለወጠ ብሎ መጠየቅ ግን ሁላችንም እንችላለን፤ ለዚያ ደግሞ ተመሳሳይነት ያስፈልገናል።

ስለዚህ እኔ የምመክረው የሚከተለውን ነው። ጥብቁ ሁኔታ መነሻ ይሁን። ሥራችሁ የጨዋታ ምስል ወይም በ16 ቢት የሚሠለጥን የነርቭ መረብ ከሆነ ፈቃዱን ስጡ፣ አትጨነቁ። ከዚያ ውጪ ፈቃዱን ለአንድ ፋይል፣ ፍጥነቱን ለክታችሁ ላረጋገጣችሁበት ሉፕ ብቻ ስጡት። ደግሞ ያንኑ ፕሮግራም በጥብቁም በልቁም አስኪዱትና መልሶቹን አወዳድሩ። ልዩነቱ በአሥራ አምስተኛው አሃዝ ላይ ከሆነ እሰየው። በሦስተኛው አሃዝ ላይ ከሆነ ግን የትኛው ኮምፓይለር ልክ ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ ስሌቱ ራሱ ታሟል።

የቀረኝ ሳትፈርሙ ስለሚፈረምባችሁ ነው። በጂሲሲ ፋስት ማዝ ሲበራ አንዲት ትንሽ ኮድ ከፕሮግራሙ ጋር ትያያዝና፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ለዜሮ እጅግ የቀረቡትን ኢምንት ቁጥሮች ሁሉ ዜሮ አድርግ ብላ ፕሮሰሰሩን ታዛለች። ለዓመታት ይህች ኮድ ከላይብረሪዎችም ጋር ትያያዝ ነበር። ስለዚህ በፓይተን ቋንቋ ለኔትወርክ ሥራ የጫናችሁት አንድ ላይብረሪ፣ ከሒሳብ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው፣ የሒሳብ ፕሮግራማችሁን ጠባይ ይለውጥ ነበር። በ2022 አንድ ተመራማሪ ነምፓይ የተባለው የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ የሚሰጠውን ግራ የሚያጋባ ማስጠንቀቂያ ተከትሎ ሲሄድ እንዲህ የተሠሩ በርካታ የፓይተን ጥቅሎችን አገኘ። በ2023 የወጣው ጂሲሲ 13 ከላይብረሪ ጋር ማያያዙን አቆመ፤ በቀድሞዎቹ እትሞች የተሠሩት ግን ዛሬም በየሰርቨሩ አሉ። መፈተሽ ቀላል ነው፦ በፓይተን 2.2250738585072014 በ10 ነጌቲቭ 308 አርቢ ተባዝቶ የሚገኘውን፣ የደብልን ትንሹን መደበኛ ቁጥር በተለዋዋጭ አስቀምጡት፤ በቀጥታ ከጻፋችሁት ፓይተን ራሱ አስቀድሞ ሊያሰላውና ፈተናውን ሊያበላሸው ይችላል። ከዚያ ላይብረሪዎቹን ከመጫናችሁ በፊትና ከጫናችሁ በኋላ ለሁለት እያካፈላችሁ አትሙት። መጀመሪያ ኢምንት ቁጥር፣ በኋላ ዜሮ ካያችሁ ከጫናችኋቸው አንዱ ነው፤ አንድ በአንድ እየጫናችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩት።